ለደባል ተማሪዎች የሚሆን የኪራይ ውል ይዘጋጅ

ግልጽ ደብዳቤ
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ
በከተማዋ ለሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች የተማሪዎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች

በአዲስ አበባ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ውጭ የሚኖር ተማሪ ብቻውን ቤት የሚከራየው ከስንት አንዱ ነው። ሌላው ሁለትም ሦስትም አምስትም ሆኖ፣ ኪራዩን ተካፍሎ፣ በደባልነት ይኖራል። አኗኗሩ የቆየና የተለመደ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ የሚመራው በቃል ስምምነት ነው። ውል ሲኖርም የሚሞላው ለአንድ ቤተሰብ ወይም ለነጠላ ተከራይ ታስቦ የተዘጋጀ ቅጽ ነው። የዚህ ደብዳቤ ጥያቄ ቢሮው ለደባል ተማሪዎች የሚሆን ሞዴል ውል እንዲያዘጋጅ፣ የትምህርት ተቋማቱም ተማሪው ውሉን አንብቦ እንዲፈርምና እንዲያስመዘግብ እንዲያግዙት ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሐተታ ውሉ ምን መያዝ እንዳለበትና ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዳል።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው መርሐ ግብር የመጀመሪያ ዲግሪውን የሚማር ተማሪ መኝታና ምግብ በአብዛኛው በግቢው ያገኛል። ወጪውም ወዲያው አይጠየቅም፤ በከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን፣ ከተመረቀ በኋላ ሊከፍል ይፈርማል። ከዚህ ውጭ ያለው ተማሪ ግን የማደሪያውን ሂሳብ ወር በሞላ ቁጥር ከኪሱ ይከፍላል። የግል ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ ተማሪዎች፣ የማታና የቅዳሜ እሑድ ተማሪዎች፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ለመሥራት ከክልል የሚመጡ መምህራንና ሠራተኞች፣ በልዩ ልዩ ምክንያት ከዶርም የወጡ ሁሉ በዚህ ውስጥ ናቸው። ብዙዎቹ ወላጅ ከክፍለ ሀገር በሚልክላቸው ገንዘብ ይተዳደራሉ። ኪራዩ የሚዘገየውም አብዛኛውን ጊዜ በቸልተኝነት ሳይሆን እህሉ ሳይሸጥ ወይም ደመወዙ ሳይወጣ ሲቀር ነው።

ተማሪ የሚከራያቸው ቤቶች የሚገኙት እንደ ትምህርት ቤቱ አቀማመጥ ነው። የስድስት ኪሎው ተማሪ ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ በጎን ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያፈላልጋል። የኮተቤው እዚያው ኮተቤ፣ የገርጂው በገርጂና በዙሪያዋ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በቂሊንጦና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ቤት ይፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳና አራት ኪሎ፣ ኋላም ካዛንችስ አካባቢ የነበሩ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ከእነዚህ መካከል በጓሮ የተሠሩና በርካሽ የሚከራዩ ክፍሎች ስለነበሩ በመሀል ከተማ የሚማረው ተማሪ ዛሬ ከትምህርት ቤቱ ርቆ ለመከራየት ተገዷል። ርቀቱ የታክሲ ወጪ ይጨምራል፤ ለማታ ተማሪ ደግሞ ከሦስት ሰዓት በኋላ ታክሲ የማግኘት ጭንቀት አለበት። ቤት በጋራ መከራየትን ከምንጊዜውም በላይ ግድ ያደረገውም ይኸው ነው።

ቤቶቹን በሁለት ወገን ከፍሎ ማየት ይቻላል። አንደኛው አከራዩ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ በአጥሩ ጥግ በመደዳ የተሠራው ሰርቪስ ክፍል ነው። መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ቧንቧው ግቢው መሀል ነው፤ የመብራት ቆጣሪው በአከራዩ ስም ነው፤ የግቢው በር ማታ በተወሰነ ሰዓት ይዘጋል። ሁለተኛው ኮንዶሚኒየም ነው። እዚህ አከራዩ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰፈር ስለሚኖር ተማሪዎቹ በራሳቸው ቁልፍ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ባለ ሁለት መኝታው ቤት ለአምስት ተማሪዎች ሲከራይ ሳሎኑ በመጋረጃ ወይም በቺፑድ ተከፍሎ ሦስተኛ መኝታ ይሆናል። ኪራዩ ለእያንዳንዱ ሰው ሲካፈል ሰርቪስ ክፍሉ ከሚያስወጣው ብዙ ስለማይርቅ የተማሪው ዝንባሌ ወደ ኮንዶሚኒየም ነው። የውል ጣጣው የሚበዛውም በዚሁ ነው።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለተከራይ ብዙ ነገር አስገኝቷል። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ አዝዟል። አከራይ ከሁለት ወር የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ከልክሏል። ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን በዓመት አንዴ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስም ወስኗል። አዋጁ ከመውጣቱ በፊት ሦስትና ስድስት ወር አስቀድሞ መክፈል፣ በየስድስት ወሩም ጭማሪ መስማት የተለመደ ነበር። ልጆቿን ትምህርት ቤት ላስገባች እናት ሁለት ዓመት ከቤት እንደማትነሣ ማወቅ ትልቅ እፎይታ ነው። ይህን መብት ማጥበብ አይገባም፤ ለተማሪ ሲባልም መላላት የለበትም።

የተማሪው አኗኗር ግን ከሁለት ዓመቱ ጋር አይገጥምም። ትምህርት በመስከረም ወይም በጥቅምት ይጀምርና በሰኔ ወይም በሐምሌ ይዘጋል። በዚህ መሀል አንዱ ተመርቆ ይወጣል፤ ሁለተኛው ለተግባር ልምምድ ሌላ ከተማ ይመደባል፤ ሦስተኛው ለክረምቱ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ አራተኛው ክፍያ አጥሮት ትምህርቱን ያቋርጣል። ቤቱ ባለበት ይቆያል፣ ሰዎቹ ግን ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ለተማሪ የሚሆን ውል የቤቱን ዘመን ሁለት ዓመት አድርጎ ሳለ በውስጡ ያሉ ሰዎች የሚተኩበትን መንገድ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። የሚወጣው ምን ያህል ቀደም ብሎ፣ ለማን፣ በምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚያሳውቅ፣ ተተኪውን ማን እንደሚያመጣ፣ አከራዩ ተተኪውን አልቀበልም ማለት የሚችለው በምን ምክንያት እንደሆነ በግልጽ ይስፈር። የአዲሱ ደባል ስምም በወረዳው መዝገብ ላይ በአንድ ገጽ ተጨማሪ ቅጽ ቢገባ በቂ ነው፤ አንድ ልጅ በተለወጠ ቁጥር ውሉን እንደገና መዋዋል ሁሉንም ያሰለቻል፣ ሲሰለቹም ምዝገባውን ይተዉታል።

ከሁሉም የሚከብደው የኃላፊነት ጉዳይ ስለሆነ ዘርዘር ብሎ መታየት አለበት። ወርኃዊ ኪራዩ 20,000 ብር የሆነ ቤት አምስት ተማሪዎች ቢከራዩ የእያንዳንዱ ድርሻ 4,000 ብር ነው እንበል። በጥር ወር አንደኛው ትምህርቱን አቋርጦ አገሩ ይገባል። የቀሩት አራቱ ወይ ተተኪ እስኪያገኙ 5,000 ብር መክፈል፣ ወይ ለአከራዩ 16,000 ብር ብቻ ማቅረብ አለባቸው። ይህ ሲሆን ማን ለምን ይጠየቃል የሚለው የሚወሰነው በውሉ ላይ በፈረመው ሰው ነው።

በተለመደው አሠራር የሚፈርመው አንድ ተማሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቤቱን ያገኘው፣ ወይም ከሁሉ ታላቅ የሆነው፣ ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ያለው። በሕግ ዓይን ተከራዩ እሱ ብቻ ነው። የጎደለውን 4,000 ብር አከራዩ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ በሩ ቢሰበር፣ የመብራት ሂሳብ ቢወዘፍ የሚጠየቀውም እሱ ነው። አራቱ ደግሞ ከአከራዩ ጋር ያላቸው ውል የለም። ፈራሚው ልጅ ተጣልቶ ወይም ተመርቆ ቤቱን ቢያስረክብ በማግሥቱ አራቱም ፍራሻቸውን ይዘው ጎዳና ላይ ናቸው፤ ለወራት የከፈሉትን የሚያስረዱበት ወረቀትም አይኖራቸውም። ገንዘቡ በባንክ የተላለፈው በፈራሚው ስም ነውና።

አምስቱም ሲፈርሙ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1896 እንደሚለው፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር የአንድ ዕዳ የጋራ ባለዕዳዎች በአንድነትና በነጠላ ኃላፊዎች ናቸው። ይህም ማለት አከራዩ የጎደለውን ገንዘብ፣ ሲፈልግም ሙሉውን 20,000 ብር፣ ከአምስቱ የፈለገውን አንዱን ሊጠይቅ ይችላል። የከፈለው ልጅ ከድርሻው በላይ ያወጣውን ከጓደኞቹ መጠየቅ ቢችልም፣ ጓደኛው ጎጃም ወይም ወለጋ ከገባ በኋላ ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም። በ19 ዓመቱ የሚፈርም ተማሪ ይህ ቀርቶ ፊርማው ከ4,000 ብር በላይ እንደሚያስጠይቀው አያውቅም፤ የነገረውም የለም።

መፍትሔው ሕጉ ራሱ «ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ» በሚለው ሐረግ ውስጥ አለ። ሞዴል ውሉ አምስቱንም በስም ጠርቶ የእያንዳንዱን ድርሻ በብር ቢጽፍና አንዱ ቢወጣ የቀሩት የሱን ድርሻ የሚሸፍኑት ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ተተኪ እስኪገኝ ለአንድ ወር፣ ብቻ እንደሆነ ቢገልጽ ለሁለቱም ወገን ይበጃል። አከራዩ ለዚያ ወር ገንዘቡ አይጎድልበትም፤ ተማሪዎቹም የማያውቁትን ዕዳ አይሸከሙም። ከዚያ በኋላ ያለውን ጉድለት ማን እንደሚችለው በድርድር የሚወሰን ሆኖ በጽሑፍ ይቀመጥ። ጥቂት አከራዮች ይህን አይቀበሉም ይሆናል። ነገር ግን ብዙ አከራዮች ለተማሪ ማከራየት የማይፈልጉት በመሀል ሰው ሲጎድል የሚደርሰውን ንትርክ ስለሚፈሩ ነው። የታወቀ ሥርዓት ካለ ፍርሃቱ ይቀንሳል፤ የሚከራየው ቤትም ይበዛል።

ውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ሌላው የሚጎዳ ነገር ነው። አከራዩ የኪራይ ገቢ ግብር እንዲቀንስለት ሲል በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር እንዲጻፍ፣ ልዩነቱም በእጅ እንዲሰጠው ይጠይቃል። ቤት አጥቶ የከረመ ተማሪ እሺ ይላል። በእጅ የተሰጠው ገንዘብ ግን ደረሰኝም የባንክ ማስረጃም የለውም፤ አለመግባባት ሲነሣ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል። ጭማሪ ሲመጣም የሚጨመረው በተጻፈው ላይ ይሁን በተነገረው ላይ አይታወቅም። የተማሪ ቤት ደግሞ ከሌላው ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው፤ ክፍያውን ከአምስት ኪስ የሚሰበስበው ልጅ በጓደኞቹም ይታማል። ለዚህ የሚበጀው ክፍያ ከየተማሪው ስልክ ወይም ሂሳብ በቀጥታ ወደ አከራዩ ሂሳብ እንዲገባ፣ በማስታወሻውም የወሩ ስም እንዲጻፍ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ተማሪ የከፈለበት ማስረጃ በእጁ ይኖረዋል።

ደላላው የሚገባው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። በመስከረምና በጥቅምት ከየክልሉ የሚመጣው ተማሪ ከተማውን አያውቅም፤ ዘመድ ቤት የሚያርፍበት ቀን ተቆጥሮ የተሰጠው ነው፤ ስለዚህ ያሳዩትን ቤት ይቀበላል። ቤቱን ሳያይ በስልክ ቀብድ የሚልክም አለ። ለአንድ ክፍል ከብዙ ሰው ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን የሚያጠፋ አለ፤ ቁልፍ ስለያዘ ብቻ የቤቱ ባለቤት ነኝ ወይም ወኪሉ ነኝ የሚልም አለ። የሚከራየው ሰው የባለቤትነት ማስረጃውን ወይም የውክልና ሥልጣኑን፣ ከመታወቂያው ጋር አስተያይቶ ሳያይ ገንዘብ መስጠት የለበትም። ይህን ማስረጃ መጠየቅ ለአንድ የ19 ዓመት ልጅ ድፍረት ይመስለዋል፤ የሞዴል ውሉ የመጀመሪያ ገጽ የማስረጃውን ቁጥር የሚሞላበት ክፍት ቦታ ካለው ግን ጥያቄው የልጁ መሆኑ ይቀርና የቅጹ ይሆናል።

የመብራትና የውሃ ሂሳብ አነስተኛ መስሎ በየወሩ የሚያጣላ ነገር ነው። የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እያደገ የሚሄድ ሆኗል። አሁን አራት ሰርቪስ ክፍሎች ያሉትን ግቢ ማሰብ ይጠቅማል። እያንዳንዱ ክፍል በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም ለየብቻው ቢሆን ኖሮ ከዝቅተኛው እርከን አይወጣም ነበር። ቆጣሪው ግን አንድ ስለሆነ የአራቱ 160፣ የአከራዩ ቤተሰብ ደግሞ 150 ቢጠቀም ድምሩ 310 ይሆንና ግቢው በሙሉ ከፍ ባለው እርከን ይከፍላል። ከሁሉ ያነሰ የሚጠቀመው ተማሪ ውድ በሆነው ዋጋ ይታሰብለታል ማለት ነው። በዚህ ላይ አከራዩ «በአምፖል» ወይም «በሰው» ብሎ ቁርጥ ዋጋ ሲያስከፍል ሂሳቡ ከእውነተኛው መራቁን ማንም ማረጋገጥ አይችልም። ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት አንድ ጊዜ የሚወጣ ወጪ ነው፤ እሱ ባይሆን እንኳ ተማሪው የወሩን የሂሳብ ወረቀት የማየት መብት እንዳለው ውሉ ይናገር። በኮንዶሚኒየም የካርድ ቆጣሪ ያለው ቤት በዚህ ረገድ ይሻላል፤ የተሞላው ካርድ መጠን በግልጽ ይታያልና። ሆኖም የቀደመው ተከራይ የተወው ዕዳ እንዳለ ቁልፍ ከመቀበል በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። የኮንዶሚኒየሙ ማኅበር ለጥበቃና ለጽዳት የሚሰበስበውን መዋጮ ማን እንደሚከፍልም አብሮ ይጻፍ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ተማሪዎች ፈረቃቸው ሲደርስ በርሜል መሙላት አለባቸው፤ ግፊቱ ላይ ድረስ ካልወጣም ጀሪካን ይሸከማሉ። ይህ የደባሎቹ የራሳቸው ጉዳይ ነውና በውል አይገባም። የግድግዳው ቧንቧ ሲፈስ፣ ሮቶው ሲቀደድ የሚጠግነው ማን እንደሆነ ግን መግባት አለበት።

የምግብ ማብሰያ ነገር ከገንዘብ የበለጠ ክብደት አለው። አከራዮች ምጣድና የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚከለክሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎዋት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚስብ በ220 ቮልት ወደ 14 አምፔር ይጠጋል፣ በቀጭን ገመድ የተዘረጋ የሰርቪስ ክፍል መስመር ደግሞ ይህን አይችልም። የተከለከለው ተማሪ ግን መብላቱን አይተውም፤ ወደ ከሰል ይሄዳል። በክረምት ብርድ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ሽሮውን የሚያበስልበት፣ ከዚያም ፍሙን ለሙቀት እዚያው ትቶ የሚተኛበት ክፍል ለሞት የቀረበ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምረው የምግብ መመረዝ መስሎት ተመልሶ የሚተኛም አለ። ማብሰያ የሚከለክል ውል ሌላ የማብሰያ ቦታ ማሳየት አለበት፦ በግቢው ውስጥ ያለ ማዕድ ቤት፣ በኮንዶሚኒየም ደግሞ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ የተሠራው ኮሚናል። ሁለቱም ከሌሉ ኃይሉ የተወሰነ አነስተኛ ምድጃ ይፈቀድ። ዩኒቨርሲቲዎቹም ለአዲስ ገቢዎች በሚሰጡት ገለጻ ላይ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዳይነድ በግልጽ ቋንቋ ቢያስጠነቅቁ ሕይወት ያተርፋል።

አከራይና ተማሪ በአንድ ግቢ ሲኖሩ ሕግ ያልጻፋቸው ደንቦች ይበዛሉ። በር የሚዘጋበት ሰዓት፣ እንግዳ ማሳደር፣ ሙዚቃ፣ ልብስ የሚታጠብበት ቀን ሁሉ ቀድሞ ቢነገር አብዛኛው የሚያግባባ ነው። ቤተ መጻሕፍት እስከ ሦስት ሰዓት ለሚያመሽ ወይም የማታ ክፍል ላለው ተማሪ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በር መዝጋት ከትምህርቱ ማስቀረት ነውና ሰዓቱ ከትምህርት መርሐ ግብሩ ጋር እንዲታረቅ ያስፈልጋል። ለሴት ተማሪዎች ጉዳዩ ይብሳል። «ለሴት ብቻ» ተብሎ በሚከራየው ቤት ውስጥ ቁጥጥሩ ከሥርዓት አልፎ አከራዩ ወይም የአከራዩ ዘመድ በትርፍ ቁልፍ ከፍቶ እስከ መግባት የሚደርስበት ጊዜ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና የመኖሪያ ቤትን ያለመደፈር መብት ለሁሉም ሰው ያረጋግጣል፤ ኪራይ የከፈለች ልጅ ክፍሏ ቤቷ ነው። ሞዴል ውሉ አከራዩ ለጥገና ወይም ለጉብኝት ሲገባ ቀድሞ እንዲያሳውቅና ተከራይዋ ባለችበት እንዲሆን፣ የበሩን ቁልፍ ማስቀየርም የተከራይዋ መብት እንዲሆን በአንድ አንቀጽ ቢደነግግ በዚህ ምክንያት ቤት ለሚለቁ ተማሪዎች ትልቅ ጋሻ ይሆናል። የትውልድ ቦታንና ሃይማኖትን ጠይቆ ተማሪን መመለስም ተቋማቱ በዝምታ የሚያልፉት ነገር መሆን የለበትም፤ እንዲህ ያለ አከራይ ያለበትን ቤት ለተማሪዎቻቸው ባይጠቁሙ ቢያንስ የራሳቸውን ድርሻ ይወጣሉ።

ለመጠቆም ግን መዝገብ ያስፈልጋል። እስካሁን ስለ ኪራይ ቤት መረጃ የሚገኘው ከደላላና ከግድግዳ ማስታወቂያ ነው። የተማሪዎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በየዓመቱ ነሐሴ ላይ በአካባቢው ለተማሪ ማከራየት የሚፈልጉ ባለቤቶችን መዝግቦ፣ የባለቤትነት ማስረጃቸውን አይቶ፣ ዝርዝሩን ለአዲስ ገቢዎች ቢሰጥ ወጪው የአንድ ሠራተኛ የጥቂት ሳምንት ሥራ ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሏቸው። በምዝገባ ሳምንት የሕግ ተማሪዎች በአስተማሪዎቻቸው እየተመሩ የጓደኞቻቸውን የኪራይ ውል ቢያነቡላቸው ለሁለቱም ትምህርት ነው።

ከቢሮው በኩል የሚጠበቀው ደግሞ ጊዜውን ማወቅ ነው። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት በዩኒቨርሲቲዎች ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች የተማሪ ውል ይበዛል። ለእነዚያ ሳምንታት ብቻ የደባል ውሎችን የሚመዘግብ አንድ መስኮት ቢከፈት፣ ቅዳሜም ቢሠራ፣ ክፍል ሳያስቀሩ ይመዘገባሉ። ከክልል የመጣ ተማሪ የአዲስ አበባ የነዋሪነት መታወቂያ የለውም፤ የትውልድ ቀበሌው መታወቂያ ወይም የፋይዳ መታወቂያው ከትምህርት ቤት መታወቂያው ጋር እንዲበቃው በየወረዳው አንድ ዓይነት አሠራር ይኑር። አከራዩ ውሉን አላስመዘግብም ሲል ተማሪዎቹ ብቻቸውን ቀርበው ማመልከት እንደሚችሉና እንዴት እንደሚያመለክቱም በመስኮቱ ላይ ይለጠፍ።

መውጣትም እንደ መግባቱ ሥርዓት ይፈልጋል። ሲገቡ የግድግዳው ስንጥቅ፣ የተሰበረው መስታወት፣ የማይሠራው ሶኬት፣ የቁልፎቹ ብዛትና የቆጣሪው ንባብ በሁለት ቅጂ ተጽፎ፣ በስልክም ፎቶ ተነሥቶ ሁለቱም ወገን ካልፈረሙበት፣ ሲወጡ ተማሪው ስንጥቁ ቀድሞ የነበረ መሆኑን ለማስረዳት ይቸገራል፤ ለዕቃ ዋስትና ያስያዘው ገንዘብም በቀለምና በጥገና ስም ይቀራል። የሰኔ ፈተና እንዳለቀ አውቶቡስ የሚጠብቀው ልጅ ለዚህ ክርክር የሚሰጠው ቀን የለውም፤ ብዙዎቹም ገንዘቡን ትተው ይሄዳሉ። ስለዚህ ሞዴል ውሉ የመግቢያ ዝርዝሩን እንደ አባሪ ይያዝ፤ ርክክቡ ቁልፍ ከመመለሱ ቢያንስ ሦስት ቀን በፊት በጋራ እንዲታይ፣ ከዋስትናው የሚቀነስ ካለም እያንዳንዱ ወጪ ከነደረሰኙ እንዲቀርብ፣ የተረፈው በእያንዳንዱ ደባል ድርሻ ልክ ወደ ራሱ ሂሳብ እንዲመለስ ቀኑ በቁጥር ይጻፍ። የሞዴል ውሉ ረቂቅ እስከ ነሐሴ ተዘጋጅቶ ለተቋማቱ ቢደርስ ለሚቀጥለው መስከረም ገቢዎች ይደርሳል።